አዴ ድንቅቱና የጠዋት መንገዳቸው

አዴ ድንቅቱ ጃርሶን ያወቅኳቸው በ2006 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ወደ አምቦ ተዛውሬ በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ነው። የተመደብኩት አንድ የዞን መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ ፋይል የታጨቀበት መደርደሪያ ነው፣ መሃሉ ላይ ሁለት ጠረጴዛዎች ፊት ለፊት ተገጥመዋል። በአንደኛው ላይ ወፈር ያሉ፣ ጠይም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ተቀምጠዋል።

«ውባየሁ ማለት አንተ ነህ?» አሉኝ። «ና ተቀመጥ። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ወደ ግራ እንዳትደገፍ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰው «አዴ ድንቅቱ» ሲላቸው ስማቸው መስሎኝ ሳለ፣ «አዴ ማለት እናንተ ወይዘሮ የምትሉት ነው፤ ስሜ ድንቅቱ ብቻ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ካቺሲ የምትባል የገጠር ከተማ ልጅ ናቸው። ለትምህርት አምቦ መጥተው በዚያው ቀሩ። ባለቤታቸው አቶ ሞቱማ፣ በኦሮምኛው ኦቦ ሞቱማ፣ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። ለንሳ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ይዘምራሉ። በሥራ ቀን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበራቸው የሚነሱት ፋይል ለማውጣት ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን ሳይፈልጉ ነው የሚያገኙት። አንድ ገበሬ በሩ ላይ ቆሞ የአባቱን ስም ገና ሳይጨርስ እጃቸው መደርደሪያው ላይ ነው።

በ2009 በጋ ላይ ውሃ መጠጣት አበዙ። በመጀመሪያ ሙቀቱ ነው አልን። ቀጥሎ ውሃ ጥማቸውን አልቆርጥ ሲላቸው ለስላሳ መጠጣት ጀመሩ፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሁለት ጠርሙስ። ከኪዮስኩ እየሮጥኩ የማመጣላቸው እኔ ነኝ። በዚያ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ መጸዳጃ ቤት ይወጣሉ፤ ቀሚሳቸው እየሰፋቸው ሄደ። «ከስተው አማረብዎት» ስላቸው ደስ ብሏቸው ነበር። የሳጥን ጠርዝ የጫረው የእግር ጣታቸው አንድ ወር ሙሉ ሳይድን ሲቀር ግን ኦቦ ሞቱማ ከትምህርት ቤታቸው አስፈቅደው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው።

በማግሥቱ ቢሮ ሲገቡ እንደ ወትሮው ሰላም አላሉኝም። ቦርሳቸውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ አንድ ደብዳቤ አንስተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ስኳር አለብሽ አሉኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

ቁጥሩ ምን ያህል ከፍ ያለ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ፊታቸውን አይቼ ገመትኩ። ያን ቀን ስለ ታላቅ እኅታቸው ስለ ወርቅቱ ነገሩኝ። ወርቅቱ ካቺሲ ውስጥ ነው የኖሩት። ስኳር እንዳለባቸው ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ቆይተው እግራቸው ቆሰለ፤ ቁስሉ ከፋ፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከዚያ ስምንት ወር ብቻ ነው የቆዩት።

«እኔ ነበርኩ ሆስፒታል አብሬያት ያለሁት» አሉኝ። «አንሶላውን ስገልጥ እግሯ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። እሱ ነው የሚታየኝ።»

የሐኪም ቤቱን የስኳር ክትትል ክፍል የምትመራው ሲስተር ዶርቃስ የምትባል ወጣት ነርስ ናት። ሁለት ዓይነት ኪኒን እንዴት እንደሚወሰድ አስረዳቻቸው። ትልቁን ከምግብ ጋር፤ ትንሿን ደግሞ ቁርስ ሳይቀርብ እንዳይወስዱ፣ ከወሰዱም ምግብ እንዳያዘገዩ አጥብቃ ነገረቻቸው። ለስላሳ መጠጥ ያን ቀን ቆመ። ቁስሉ በየቀኑ እየታጠበ በሁለት ወር ደረቀ። ከዚያ «አሁን ደግሞ ይራመዱ» አለቻቸው፤ «በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት፣ ትንፋሽዎ እስኪፈጥን ድረስ።»

ይህ ቀላል መስሏቸው ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የለንሳን ሸራ ጫማ አድርገው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከቤት ወጡ። ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ሳይደርሱ አራት ሰው አስቆማቸው።

«ኤሳ ዴምቱ? ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ዝም ብዬ ነው» ይላሉ።

«ዝም ብዬማ አይደለም። ማን ሞተ?»

በአምቦ አንዲት ትልቅ ሴት ጠዋት በጥድፊያ ስትሄድ ከታየች ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ምጥ ነው። ለቅሶም ምጥም እንደሌለ ሲሰሙ ሰዎቹ ይበልጥ ይጨነቃሉ። ባጃጅ ነጂዎች አጠገባቸው ቀስ እያሉ «እናቴ፣ ላድርስዎት፣ ሒሳብም አልፈልግ» ይሏቸዋል። በሳምንቱ አንዲት ጎረቤት ኦቦ ሞቱማን ለብቻቸው ጠርታ ቤት ውስጥ ጸብ ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ኦቦ ሞቱማ አፈሩ። ሚስታቸውን አልከለከሉም፤ ግን ቁርስ ላይ «ግቢ ውስጥ ብትንቀሳቀሺስ?» አሉ። አዴ ድንቅቱ ነገሩ ገባቸውና ለአሥር ቀን ከመንገዱ ቀሩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ካኪ ፖስታ ከቢሮ ይዘው ወጡ። ውስጡ ሁለት ባዶ ወረቀት ነው። ያን ፖስታ ብብታቸው ሥር ይዘው ሲራመዱ የሚያስቆማቸው ሰው ጠፋ። ደብዳቤ ይዞ የሚሄድ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ማንም ወዴት አይለውም። እንዲያውም አንድ የሚያውቁት ሰው ሲሮጥ ደርሶ «ወደ ማዘጋጃ ከሆነ ይቺንም አድርሱልኝ» ብሎ ማመልከቻውን ሰጣቸው። አደረሱለት። ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር፤ እኔም ከዚያ በፊት እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

መራመዱ ጠቀማቸው። ስኳሩ ወደ ሁለት መቶ፣ ከዚያ ወደ መቶ ሰባ ወረደ። ነገር ግን መቶ ሰባ አላረካቸውም። የእኅታቸው ነገር ሁልጊዜ ኋላቸው ቆሞ ነበር። «በአንድ በኩል ብቻ አይበቃም» ይሉ ነበር። «በሁሉም በኩል ነው መዝጋት።»

ስለዚህ አብሽ ጀመሩ። ማታ አንድ ማንኪያ አብሽ በብርጭቆ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩና ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጡታል። መራራ ነው፤ ከጠጡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ፊታቸው ኮስተር ብሎ ይቆያል። ቀጥሎ ሽፈራው የሚባለው ዛፍ ቅጠል መጣ። ለንሳ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስለደረሳት ለዕረፍት ስትመጣ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ይዛ ትመጣለች። እሱን በሻይ መልክ ቢሮ ውስጥ ይጠጡት ነበር፤ የመዝገብ ቤታችን ሽታ ተለወጠ።

ሦስተኛውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ሳልናገር ብተወው የእሳቸውን ታሪክ በትክክል አልተናገርኩም ማለት ነው።

በ2010 ሰኔ ላይ ለሥራ ጉዳይ ጉደር ሄጄ ነበር። ገበያው ዳር አንድ ሰው መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ የባህል መድኃኒት ይሸጣል። «ከዘጠኝ ዓይነት ሥር የተቀመመ፣ ለስኳር፣ ለግፊት፣ ለጨጓራ» ይላል። ቡናማ ዱቄት በፕላስቲክ ዕቃ። ዕቃው ላይ የሠራው ሰው ስም የለም፣ ከምን እንደተሠራ አልተጻፈም። ከእኔ በፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች ሲገዙ አየሁና እኔም ገዛሁ። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

«ሲስተር ዶርቃስን ይጠይቋታል?» አልኳቸው ስሰጣቸው።

«እሷማ ትስቅብኛለች» አሉ። «አብሹንም አልነገርኳትም።»

በጥቂት ሳምንት ውስጥ ስኳራቸው መቶ ሃያ ገባ። ሲስተር ዶርቃስ ካርዳቸው ላይ እየጻፈች «በጣም ጥሩ ነው፣ ምን አደረጉ?» ስትላቸው «እራመዳለሁ» ብለው መለሱ። ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር። አንዳንድ ቀን ከምሳ በፊት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ላብ ሲላቸው አየሁ። እሳቸው የድካም ነው አሉ፤ እኔም ተቀበልኩ።

በ2011 ጥቅምት የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ለአንድ ቀን ጉዞ ወደ ወንጪ ሄድን። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ነበር። አዴ ድንቅቱ ለዚያ ቀን ተዘጋጅተው ነበር። ሐይቁ ያለበት ገደል ጥልቅ ነው፤ አብዛኛው ሰው ፈረስ ተከራይቶ ነው የሚወርደው፣ የሚወጣውም። እሳቸው ግን ከሳምንት በፊት ጀምረው «እኔ በእግሬ ወርጄ በእግሬ ነው የምወጣው» ይሉ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱንም ኪኒኖች ውጠው፣ አብሹን ጠጥተው፣ «ለጉልበት» ብለው ከዱቄቱ እንደ ወትሮው አንድ ሳይሆን ሁለት ማንኪያ ወስደው መኪና ውስጥ ገቡ። ቁርስ ከሐይቁ አፋፍ ያለችው መንደር፣ ሐሮ ወንጪ፣ እንደደረስን ነው ተብሎ ነበር።

መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም የላላ ነበርና እሱን ነፍቶ ለመግጠም ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሐሮ ወንጪ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆነ። ኃላፊያችን ሰዓት ስለሄደ ሐይቁን አይተን እንመለስና ቁርሱንም ምሳውንም አንድ ላይ እንበላለን አሉ። ዳቦውና ወጡ መኪናው ላይ ቀረ።  አዴ ድንቅቱን በኋላ ለምን እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው «ሁሉም ሰው ሲታገሥ እኔ ብቻ ራበኝ ማለት አሳፈረኝ» አሉኝ።

ቁልቁለቱን ከሁሉም ቀድመው ነው የወረዱት። ጀልባ ላይ ሲሳፈሩ ለመዘምራኑ የሚያወጡትን መዝሙር እያዜሙ ነበር። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ሰማዩን ይዞ ተኝቷል። ከጀልባ ስንወርድ ስምንት ሰዓት አልፏል። ሰዎቹ ፈረስ ፈረሳቸውን ያዙ፤ እኔና አዴ ድንቅቱ በእግራችን ዳገቱን ጀመርን።

ግማሽ ያህል እንደወጣን መናገር አቆሙ። ደክሟቸው ነው ብዬ መራመዴን ቀጠልኩ። ከዚያ ቆሙ።

«ሞቱማ» አሉኝ፣ «ያ ፋይል የታል?»

«የምን ፋይል? እኔ ውባየሁ ነኝ።»

«አራተኛው መደርደሪያ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ማን ወሰደው?»

ፊታቸውን ሳይ ላቡ ይንጠባጠባል፤ እጃቸውን ብይዘው ደግሞ ቀዝቅዟል። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። አስቀመጥኳቸው። ከኋላ የደረሱ ባልደረቦቻችን ተሰበሰቡ። አንዱ የከፍታው አየር ነው አለ፤ አንዷ ውሃ እንስጣቸው አለች፤ ሌላዋ እጇን ራሳቸው ላይ ጭና መጸለይ ጀመረች። እኔ ቆሜ ከማየት በቀር አንዳች ነገር ማድረግ አቃተኝ። ስኳር በዝቶባቸው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከታች አንድ የፈረስ ባለቤት ፈረሱን እየሳበ መጣ። ገመቺስ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሰዎቹን ገለል አድርጎ ቁጢጥ አለና አያቸው።

«ስኳር አለባቸው?» አለ።

«አዎ» አልኩ።

«መድኃኒት ወስደዋል?»

«ጠዋት።»

«በልተዋል?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «አልበሉም» አልኩ፤ «ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበሉም።»

ገመቺስ ተነሥቶ ከፈረሱ ኮርቻ ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ፈታ። ለጎብኚ የሚሸጠው ማር ነበር። ክዳኑን ከፍቶ በጣቱ ጠቅሶ ወደ አፋቸው ሲያስጠጋው አዴ ድንቅቱ ከንፈራቸውን ገጠሙ፣ ራሳቸውንም ወደ ጎን አዞሩ።

«ማር አልበላም» አሉ፣ ቃላቱ እየተጎተቱ። «ስኳር አለብኝ።»

በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነው፣ የእኔን ስም ረስተው፣ ይህን አልረሱም። ገመቺስ አልተቆጣም፣ አልታገላቸውምም። በኦሮምኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ታላቅ ወንድሙ እንደሳቸው እንደሆነ፣ እናቱ በዚሁ ማር ስንት ጊዜ እንደመለሱት ነገራቸው። ስኳሩ በዝቶ ሳይሆን አልቆ ነው አላቸው። ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም። ብቻ አፋቸውን ከፈቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሰጣቸው፤ መዋጣቸውን እያየ።

ሩብ ሰዓት ያህል ሳይሞላ ዓይናቸው ጠራ። ዙሪያቸውን የቆመውን ሰው አይተው ቀሚሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ።

«ውባየሁ፣ ምን ሆኜ ነው?»

ስሜን ስለጠሩኝ ልቤ ተመለሰ። አንዱ ባልደረባችን በፈረስ ወጥቶ ዳቦ አመጣ፤ ሁለት ቁራጭ በሉ። የቀረውን ዳገት ገመቺስ በፈረሱ አወጣቸው። ለፈረሱ ሒሳብ ስሰጠው ተቀበለኝ፤ ለማሩ ግን አልቀበልም አለ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ቀስ ብለው «ዱቄቱን ሁለት ማንኪያ ነው የወሰድኩት» አሉኝ።

«ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ያልተናገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ። 

ሰኞ ዕለት አብሬያቸው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ኦቦ ሞቱማም መጡ። አዴ ድንቅቱ ከፌስታል እያወጡ ሲስተር ዶርቃስ ጠረጴዛ ላይ ደረደሩት፤ አብሹን፣ ሽፈራውን፣ ቡናማውን ዱቄት። ከዚያም ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስዱ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ልክ እንደ ፋይል ነበር ያቀረቡት።

ሲስተር ዶርቃስ እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ትስቂብኛለሽ ብዬ።»

«አዴ ድንቅቱ፣ እናቴም አብሽ ትጠጣለች» አለች። «አልስቅም። ግን ካልነገሩኝ እኔ በጨለማ ነው ኪኒን የምሰጥዎት።»

ከዚያ አስረዳች። ትንሿ ኪኒን ስኳር ታወርዳለች። መራመድ ያወርዳል፤ ዳገት ደግሞ ይበልጥ። አብሽም ሽፈራውም መጠናቸው ባይታወቅም በበኩላቸው ሊያወርዱ ይችላሉ። እንዲህ ያሉ ነገሮች በአንድ ቀን፣ ምግብ በሌለበት ሆድ ላይ ሲገናኙ የሆነው ይሆናል። ቡናማውን ዱቄት አንስታ አገላበጠችው። «ይሄንን ግን ማንም አያውቀውም። አንዳንዱ ውስጥ ራሱ የስኳር ኪኒን ተፈጭቶ ይገኛል። ቅጠል ነው ብለው ሲወስዱ ኪኒን በኪኒን ላይ ሊሆን ይችላል።» ወደ እኔ ዞር ብላ አላየችም፤ እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ።

ዱቄቱ እዚያው ቀረ። ሐኪሙ ትንሿን ኪኒን በግማሽ ቀነሰላቸው። ስለ አብሹ ሲስተር ዶርቃስ እንዲህ አለች፤ «ካልተዉት፣ በምግብ ውስጥ፣ በአንድ መጠን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። በባዶ ሆድ አይሆንም። መድኃኒቱን ግን አይተካም። ሽፈራውን ለጊዜው ይተዉትና ስኳርዎ የት እንደሚቆም እንይ። ሲራመዱ ደግሞ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ይያዙ።»

«ከረሜላ?» አሉ ኦቦ ሞቱማ። ያን ቀን የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

አዴ ድንቅቱ በዚያው ሳምንት ለራሳቸው ፋይል ከፈቱ። በእውነተኛ የፋይል ክዳን፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ጉዳዩ በሚለው ላይ «የድንቅቱ ስኳር» ተብሎ ተጽፎበት። በየገጹ ምን እንደበሉ፣ ምን ያህል እንደተራመዱ፣ አብሽ የበሉበትን ቀን፣ ስኳራቸው ሲለካ ስንት እንደሆነ ያሰፍራሉ። ሲስተር ዶርቃስ ካርዱን ትታ ፋይሉን ነበር የምታነበው። እኔም ከዚያ ወዲህ ላብ ላብ ሲላቸው ካየሁ ምክንያት አልፈልግም፤ «ይለኩ» እላቸዋለሁ፤ ቦርሳቸው ውስጥ በሚይዙት ትንሽ መለኪያ ይለካሉ።

ትልቁ ለውጥ ግን ከኦቦ ሞቱማ በኩል ነው የመጣው። ከወንጪ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ አዴ ድንቅቱ ጠዋት ተነሥተው በሩን ሲከፍቱ ባለቤታቸውን ኮታቸውን ለብሰው፣ የማስተማሪያ ጫማቸውን አድርገው ግቢው ውስጥ ቆመው አገኟቸው።

«ወዴት ነህ?» አሏቸው።

«ካንቺ ጋር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ፖስታው አላስፈለገም። ባልና ሚስት ሆነው ሲሄዱ ሰው አያስቆማቸውም፤ የሚጠይቅ ካለም ኦቦ ሞቱማ ቆመው «ስኳር አለባት፤ ሐኪም አዝዞ ነው» ብለው ሳያፍሩ ይመልሳሉ። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ያ ከጎረቤት ጥያቄ አፍሮ የነበረ ሰው፣ ቀስ በቀስ በመንገድ ላይ ስለ ስኳር የሚያስተምር ሆነ። አንድ ጠዋት ሁለት የትምህርት ቤታቸው መምህራን ተቀላቀሏቸው፤ አንደኛዋ ተመርምራ ስኳር እንዳለባት ያወቀችው በዚያ ሰበብ ነው።

ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ የሄደ አይደለም። በ2012 ኮሮና መጥቶ ሰው ቤቱ ሲዘጋ፣ አዴ ድንቅቱ በግቢያቸው ውስጥ የአቮካዶውን ዛፍ እየዞሩ ይራመዱ ነበር፤ ሰማንያ ዙር። ዶሮዎቹ መጀመሪያ ይሸሹ ነበር፤ በኋላ መንገድ መልቀቅም ተዉ። አንድ ሰሞን የስኳር መለኪያው ወረቀት ከከተማው ጠፍቶ ለሁለት ወር ሳይለኩ ቆዩ፤ በዚያ ጊዜ አብሹንም ሙሉ በሙሉ ተዉት፤ «ሳላየው አልጨምርበትም» ብለው። በ2014 ደግሞ የለንሳ ሠርግ ነበር። ሠርጉ ሳምንት ሙሉ ቆየ፤ ስኳራቸው ሁለት መቶ አርባ ገባ። ፋይሉ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «ሠርግ» ብለው ጽፈው አለፉ። ሲስተር ዶርቃስ ስታነበው ሳቀች፤ እሳቸውም አልተከፉም።

አልዳኑም፤ የሚድን ነገር እንዳልሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እግራቸውን ግን ማታ ማታ አጥበው፣ ወንበር ላይ አውጥተው፣ በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር ይፈትሹታል። ኦቦ ሞቱማ በስልካቸው መብራት ያበሩላቸዋል። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቁስል አልወጣባቸውም።

አምና በ2017 ጡረታ ወጡ። ስንሸኛቸው ኃላፊያችን አጭር ንግግር አደረጉ፣ ባልደረቦቻችን ጋቢ አለበሷቸው። አሁን በእሳቸው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ፋይል ሲጠፋብን ግን ስልክ የምንደውለው ለእሳቸው ነው። ሲስተር ዶርቃስ በበኩሏ ጡረታቸውን ሰምታ አልለቀቀቻቸውም። በክትትሉ ቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ አዲስ የተመዘገቡ ሰዎች ተራ ሲጠብቁ አዴ ድንቅቱ አጠገባቸው እየተቀመጡ ያጫውቷቸዋል።

ባለፈው ወር አጎቴን ለምርመራ ይዤ ስሄድ አገኘኋቸው። ከጎናቸው ኦቦ ጂራ የሚባሉ ከካቺሲ የመጡ ገበሬ ተቀምጠዋል። ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነው። ጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«ምንድን ነው?» አሏቸው አዴ ድንቅቱ በኦሮምኛ።

ኦቦ ጂራ ዙሪያቸውን አይተው ጨርቁን ገለጥ አደረጉ። የደረቀ ቅጠል ነው። አንድ ሰው ይህን ከጠጣህ ኪኒኑን ጣለው ብሏቸዋል።

«ጣልከው?»

«ገና ነኝ። ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ግን ሐኪሟ ትቆጣለች ብዬ...» ጨርቁን መልሰው ጠቀለሉት።

አዴ ድንቅቱ ቅጠሉን አይተው ጥሩ ነውም፣ መጥፎ ነውም አላሏቸውም። ጠዋት ምን እንደበሉ ጠየቋቸው፤ ከእርሻቸው እስከ ገበያው በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቋቸው፤ ኪኒኑን በስንት ሰዓት እንደሚውጡ ጠየቋቸው። ከዚያ ተራቸው ደርሶ ስማቸው ሲጠራ ኦቦ ጂራ ጥቅሉን ወንበሩ ላይ ትተው ሊነሡ ሲሉ፣ አዴ ድንቅቱ አንሥተው እጃቸው ላይ አስያዟቸው።

«ይዘኸው ግባ» አሉ። «ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠውና ሁሉንም ንገራት። አብሬህ እገባለሁ።»

ሁለቱም ገቡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።